ዘረኝነት ከማዕድ ይጀምራል

(በቃላሚኖ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በሃይማኖት ማኅበራት ላሉ ወጣቶች ስለሚሰጥ የፀረ ዘረኝነት ሥልጠና» የሚል ነው። ርእሱ ረጅም ነው። ረጅም ርእስ የተሰጠው ነገር ደግሞ በአገራችን ብዙ ጊዜ በአጭር ስብሰባ ያልቃል፤ ሻይ ይጠጣል፥ አበል ይፈረማል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ከዚያም ሁሉም ወደ መጣበት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሥልጠና ላወድስላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ሥልጠናው ከየት መጀመር እንዳለበት የማምነውን ልነግራችሁ፥ እናንተም እንድትከራከሩኝ ነው።

የማምነውም ይህ ነው። ዘረኝነት በእኛ ዘንድ የሚጀምረው ከማዕድ፥ ከቅጽል ስምና ከጋብቻ ነው። እነዚህን ሦስቱን በእጃቸው የያዙት ደግሞ መንግሥትና ፍርድ ቤት ሳይሆኑ የሃይማኖት ማኅበሮቻችን ናቸው። ስለዚህ ሥልጠናው ከዚያው ካልተነሣ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

በቋንቋችን «ዘር» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ገበሬ በክረምት የሚበትነው እህል ዘር ነው፤ የሰው ትውልድ ዘር ነው፤ ብሔርም የቆዳ ቀለምም ዘር ይባላሉ። በመካከላችሁ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ ካላችሁ፥ የበጋይትን ላም ከራያ ላም ለይታችሁ «ዘሯ ይህ ነው» ስትሉ ትርጉም ያለው ነገር መናገራችሁ ነው። የሰውን ልጅ ግን እንዲሁ ለመክፈል የሞከረ ሁሉ ሳይሆንለት ቀርቷል። የቀጥቃጭ ልጅ ደምና የባላባት ልጅ ደም በማጉያ መነጽር ሥር ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ የትኛው የማን እንደ ሆነ የሚለይ ሐኪም አይገኝም። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል፤ በፈተናም ጽፈነዋል።

ነገር ግን «ዘረኛ ነህን?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ወዲያው ዓይኑን ወደ ሩቅ ይልካል። አሜሪካን ያስባል፤ ደቡብ አፍሪቃን ያስባል፤ ወይም የሌላውን ክልል ሰው ያስባል። ራሱን አያስብም። እኔም አላስብም ነበር። ማሰብ እንዴት እንደ ጀመርሁ ልንገራችሁ።

በእናንተ ዕድሜ በነበርሁበት ጊዜ፥ ባደግሁባት ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነበርሁ። ከበሮ የሚመታልን አንድ ጓደኛ ነበረን። አባቱ ቀጥቃጭ፥ እናቱ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እጁ ከከበሮው ላይ ሲያርፍ ሕፃን ሽማግሌው ዝም ይል ነበር። በትምህርትም ከእኛ የሚያንስ አልነበረም። ይህ ልጅ ከእኛው መካከል አንዲት እኅታችንን ወደደ፤ እርስዋም ወደደችው። እንደ ወጉ ሽማግሌ ተላከ። እኔም የጓደኛ ወግ ነውና ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሬ ሄድሁ።

የልጅቱ አባት በደስታ ተቀበሉን። ጠላ ቀረበ። ልጁን አመሰገኑት፤ ጠባዩን አመሰገኑ፤ ድምፁን አመሰገኑ። ከዚህ በኋላ «ልጁስ ጥሩ ነበር፤ ዘሩ ግን…» ብለው ዝም አሉ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ከእኛም አንድ ሰው «ዘሩ ምን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ፥ ከሁለት ሳምንት በፊት የሰው ልጅ ሁሉ የአንድ አዳም ልጅ ነው ብለው ያስተማሩን መምህር ነበሩ። እኔም ተነሣሁ። አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ጓደኛችን በማግሥቱ እሑድ መጥቶ እንደ ልማዱ ከበሮውን መታ። በሚቀጥለውም እሑድ መጣ። በሦስተኛው ቀረ። ከዚያ በኋላ ከተማውን ለቆ ሄደ። ለምን እንደ ቀረ ማንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከበሮውን ሌላ ሰው ያዘው።

ይህን የምነግራችሁ ለመታዘን አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። ሁሉም ጾመኛ፥ ሁሉም መጽዋች ነበሩ። ነገሩን አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አሁን ይህ ንቀት ምን እንደሚመስል በሰፊው እንመልከት። በሰሜኑ አገራችን ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። ሕፃን ሲታመም «ተበላ» ይባላል፤ በሽታውም ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ስሟ ይነሣል። «ጠይብ» የሚለው ስድብ ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ? «ጠቢብ» ከሚለው ቃል ነው። ብልኅ፥ ዐዋቂ ማለት ነው። የዕውቀትን ስም ወስደን ስድብ አደረግነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ቤተ መቅደስ እንግባ። የመጾሩን መስቀል የሠራው ማነው? ጸናጽሉን፥ ጽናውን፥ ቃጭሉን ያበጀው ማነው? የከበሮውን ቆዳ ያለፋው፥ ቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈበትን ብራና የፋቀው ማነው? ወደ ቤታችንም ስንመለስ እንጀራችን የሚጋገርበት ምጣድ፥ ቡናችን የሚፈላበት ጀበና የማን እጅ ሥራ ነው? ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ ምን ይሆናል? መስቀሉን እንሳለማለን፤ መስቀሉን የሠራውን እጅ ግን ለመጨበጥ እንፈራለን።

ይህን ነውር አይቶ የተናገረ አልነበረም ማለት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ባሪያ መያዝን የሚከለክለው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በዘር፥ በብሔር፥ በቀለም ወይም በማኅበራዊ አመጣጥ ሳይለዩ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 ታወጀ። አዋጅ አልጎደለንም። ዳሩ ግን አዋጅ ሠርግ ቤት አይገባም። ሕግ «ይህን ሰው ከሥራ አታስወጣው» ሊል ይችላል፤ «ልጅህን ዳርለት» ወይም «በአንድ ሳሕን አብረኸው ብላ» ሊል አይችልም። በዚያ ቦታ የሚሰማው ድምፅ የንስሐ አባት፥ የሼኹ፥ የፓስተሩ፥ የማኅበሩና የእድሩ ድምፅ ነው።

ነገሩ የሰሜን ብቻ አይደለም። በከፋ ማንጃ እየተባሉ የሚጠሩት፥ ራሳቸውን ግን ማንጆ የሚሉት ወገኖቻችን በአደንና በከሰል ሽያጭ ሲኖሩ፥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉ፥ ከቤት እንዳይገቡ፥ እንዳይጋቡም ተደርገው ቆይተዋል። ወደ ክርስትና በገቡ ጊዜም ከእነርሱ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥን የጠላ ምእመን ነበር። ጥምቀቱ አንድ ሆኖ ወንበሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

«ይህ እኮ ትንሽ ነገር ነው፤ የባላገር ልማድ ነው፤ ከዘረኝነት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚለኝ ይኖራል። ለዚህ መልስ እንድሰጥ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ልውሰዳችሁ። እዚያ ያለችው የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ነጩንም ጥቁሩንም በአንድ ማዕድ ማቊረብ እንደሚገባት ታውቅ ነበር። በ1857 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ሲኖዶስዋም አብሮ ማምለኩ የሚፈለግና ከመጽሐፍ ጋር የሚስማማ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን «ስለ አንዳንዶች ድካም» ተብሎ፥ ማለትም ከጥቁር ጋር መቊረብ ስለ ከበዳቸው ነጮች ሲባል፥ ለየብቻ መሰብሰብ እንዲቻል ፈቀደ። ለጊዜው የተሰጠች ትንሽ ፈቃድ ነበረች። በ1881 እ.ኤ.አ. ለየብቻ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፓርታይድ የመንግሥት መመሪያ ሆነ፤ ካህናቱም ጥቅስ ፈልገው ደገፉት። ከጽዋው እስከ መንግሥቱ 91 ዓመት ወሰደ። የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን በሃይማኖት ማጽደቅ ኑፋቄ ነው ብሎ ያወጀው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው እንደ ተሰቃየ እናንተ አስቡት።

እንግዲህ «ስለ አንዳንዶች ድካም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። የልጅቱ አባት «ዘሩ ግን…» ብለው ዝም ሲሉ እኛም ዝም ያልነው ስለ ድካማቸው ብለን ነበር።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረንን ነገር ልጨምር። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤርያ ደቡብ አፍሪቃን በሔግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው በደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ስለሚፈጸመው የዘር መድልዎ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው፥ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ከሳሾቹ በነገሩ ላይ መብት የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። አገራችን በዚህ ሥራ ልትመሰገን ይገባታል፤ እኔም እኮራበታለሁ። ዳሩ ግን በዚያው ዘመን በየገጠሩ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከማዕድ ይገለል ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል ያገሬ ሰው።

ከእኛ መካከል በዚህ ንቀት ምክንያት ብዙ የተገፉት ቤተ እስራኤል ናቸው። በጎንደር ዙሪያ፥ በወልቃይት፥ እዚሁ ትግራይም በሽሬ በኩል ርስት ተነፍገው በብረትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። «ፈላሻ» የሚለው ስማቸውና «ቡዳ» የሚለው ስድብ አብረው ይጠሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። እነሆ ወደ ሃይማኖት ወገኖቻቸው ደረሱ፤ ከንቀትም ያረፉ መሰላቸው። በጥር 1988 ዓ.ም. ግን ለበሽተኞች ብለው የሰጡት ደም በድብቅ ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ተገለጠ። ምክንያቱ የበሽታ ፍርሃት ነው ተባለ። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ጮኹ። በአንድ ሃይማኖት ያሉ ሰዎች እንኳ በደም ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። እኛም «እነዚያ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» ብለን ለመፍረድ የቸኰልን ሁሉ፥ ያው ሕዝብ ከእኛ መንደር ምን ተብሎ እንደ ወጣ ልናስታውስ ይገባል።

ሌላው ነገር የቀለም ነገር ነው። «ቀይ»፥ «የቀይ ዳማ»፥ «ጠይም» እያልን እስከ መጨረሻው እንደርድራለን፤ «ጥቁር» ለማለት ግን ምላሳችን ይከብዳል። ከጋምቤላ ወይም ከቤኒሻንጉል የመጣውን ተማሪ በመኝታ ቤት «ባሪያ» እያሉ መጥራት እንደ ጨዋታ የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። ጨዋታ ከሆነ የሚስቀው ለምን አንድ ወገን ብቻ ነው? «ጨዋ» የሚለው ቃላችንም እኮ ዛሬ መልካም ጠባይ ያለውን ሰው ቢገልጽም፥ ባሪያ ያልሆነ፥ ዘሩ የተመሰገነ ማለትም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እደርሳለሁ። እዚህ ከተማ ላይ ቆሜ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውን ጦርነት ሳላነሣ ብሄድ እናንተም አታምኑኝም። የፕሪቶርያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ አዳራሽ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን የረሳ ሰው አይኖርም። በዚያ ጊዜ ሰው በስሙና በመታወቂያው ተለይቶ ታስሯል፤ በማንነቱ ተገድሏል። በተለያየ ወገን ሰው ጅብ ተብሏል፤ አረም ተብሏል፤ ነቀርሳ ተብሏል።

«ጅብ» የሚለውን ስም አስተውሉት። ቡዳ የተባለ ሰው ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለውን የልጅነት ተረት ሁላችንም ሰምተናል። ሰውን ጅብ ማድረግ አዲስ ትምህርት አልነበረም። በቀጥቃጩ ቤት ላይ ለብዙ ዘመን ስንለማመደው ኖረናል፤ በኋላ ግን ለሕዝብ ሁሉ ተረፈ። የሸክላ ሠሪዋ ጉዳይና የጦርነቱ ጉዳይ በመጠናቸው አንድ ናቸው አልልም። ጎዳናው ግን አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ስም ይወጣል፥ ቀጥሎ ማዕድ ይለያል፥ በመጨረሻ እጅ ይነሣል። «ይህን ያህል ደም ፈሶ ሳለ ስለ ሸክላ ሠሪ ታወራለህን?» ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። እሳት የሚጠፋው ከተነሣበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚል ነው። አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን ሙሴ ጸሊምን ታስባለች። ባሪያና ሽፍታ የነበረ፥ በኋላ በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም የመነኮሰ ጥቁር አባት ነው። አበው ሊፈትኑት በቀለሙ ሰድበው ከጉባኤ እንዳስወጡት፥ እርሱም ልቡ ቢታወክ አንደበቱን እንደ ገታ ታሪኩ ይናገራል። ይህን በትዕግሥት ትምህርትነቱ ሁልጊዜ እንሰማለን። እኔ ግን ወጣቶቹ አንድ ሌላ ጥያቄ እንዲጠይቁ እወዳለሁ፤ አበው እርሱን ለመፈተን ከስድብ ሁሉ መርጠው የቀለምን ስድብ ያነሡት ለምን ነበር? የሚያቈስለው የቱ እንደ ሆነ ስለሚያውቁ አይደለምን?

በእስልምናም እንዲሁ ነው። ከመቀሌ ወደ ሰሜን ውቅሮን ጥቂት አልፎ ነጋሽ አለ። የነቢዩ ተከታዮች በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ ስደት ሸሽተው በሐበሻ ምድር ሲጠጉ፥ የተቀበላቸው ንጉሥ ነጃሺ በዚያ ዐርፏል ተብሎ ይከበራል፤ መስጊዱም በዚሁ ጦርነት ጉዳት ደርሶበት ነበር። የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላልም ከሐበሻ እናት የተወለደ፥ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። አቡ ዘር የሚባለው ሰሐባ አንድን ሰው በጥቁር እናቱ በሰደበ ጊዜ፥ ነቢዩ የድንቊርናው ዘመን ገና ከአንተ አልወጣም ብለው እንደ ገሠጹት ይተረካል፤ የተሰደበውም ቢላል ነው የሚሉ አሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ከሁለቱም ቤት አለ። የጠፋው ትምህርቱን እስከ ማዕዱ የሚያደርስ ሰው ነው።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱኝ። ክርስቲያኑና እስላሙ የየራሱን ሥጋ መብላቱ የሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ ያንን አልነካም። ሥርዓት ንቀት አይደለም። ለጎረቤቱ የተለየ ድስት ጥዶ በክብር የሚያስተናግድ ሰው ጎረቤቱን አልናቀም። የምናገረው አንድ እምነት፥ አንድ ጾም፥ አንድ ሥጋ እያላቸው ጽዋ ስለሚለዩት ሰዎች ነው።

እንግዲህ ሥልጠናው ምን ይምሰል? በሰንበት ትምህርት ቤት፥ በግቢ ጉባኤ፥ በጀመዓና በወጣቶች ኅብረት ሊሠራ የሚችለውን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ከቃል ይጀመር። ወጣቶቹ በቤታቸውና በመንደራቸው የሚሰሙትን ስድብ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ማን ማንን እንደሚለው፥ እርሱ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ያለው መቼ እንደ ሆነ በየልባቸው ይመልሱ። ሰሌዳው ቶሎ ይሞላል። ከዚያ በኋላ «እኛ ዘረኛ አይደለንም» የሚል ሰው ይቀንሳል።

ሁለተኛ፥ የተበደለውን ሰው መታያ አታድርጉት። የቀጥቃጩን ልጅ መድረክ ላይ አውጥቶ «እንዴት እንዳለቀስህ ንገረን» ማለት ሌላ በደል ነው። መናገር ቢፈልግ ይናገር፤ ካልፈለገ ይቀመጥ። የቤት ሥራው የእርሱ አይደለም፤ የእኛ የዝም ባዮቹ ነው።

ሦስተኛ፥ መጻሕፍት በአዲስ ጥያቄ ይነበቡ። ማርያም እኅቱ ሙሴን ስለ ኢትዮጵያዊት ሚስቱ በነቀፈችው ጊዜ በለምጽ የተመታው ማን ነበር? የድንኳኑን ጌጥ ከወርቅና ከናስ የሠራው ባስልኤል በመጽሐፍ ምን ተብሎ ተመሰገነ? ዛሬ በእኛ መንደር ቢኖር ምን እንለው ነበር?

አራተኛ፥ አብሮ መብላትና አብሮ መሥራት ይኑር። ወጣቶቹ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄደው ጭቃውን ያቡኩ፤ ምጣድ ለመሥራት ይሞክሩ፤ ይሰበርባቸው። የሥራውን ጥበብ በእጁ የቀመሰ ሰው «ጠይብ» ሲል ቃሉ ያንቀዋል። ለትምህርቷም እንደ ማንኛውም መምህር ደመወዝ ይከፈላት። ከዚያ ከእርስዋው ማዕድ ይብሉ።

አምስተኛ፥ የጋብቻ ቃል ኪዳን ይግቡ። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቤት የምታስቈጥረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው፤ የጠራ አጥንት ለመፈለግ አይደለም። እያንዳንዱ ወጣት፥ ለእኅቱ ሽማግሌ ሲመጣ ወይም ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ፥ «ዘሩ ግን…» የተባለ እንደ ሆነ «ዘሩ ምን?» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን እንዲያስጨርስ ይማል። ከዚህ የሚበልጥ ጀግንነት አልጠየቅሁም። የንስሐ አባቶችና ሼኾችም በሥልጠናው ይገኙ፤ ወጣቱ ቃል ገብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያማክረው እነርሱን ነውና።

ስድስተኛ፥ ከዓመት በኋላ ይቈጠር። ስንት ሰው ሠለጠነ ተብሎ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከማኅበሩ ሰብሳቢዎች መካከል የቀጥቃጭ ልጅ ነበረን? የጽዋው ተራ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ደረሰን? የተከለከለ ጋብቻ ነበረን? ያን ጊዜ ማን ምን ተናገረ? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ሥልጠናው ሻይ ብቻ ነበር።

ይህም ለዩኒቨርሲቲ ብቻ አይተው። ልጅ ስድቡን የሚማረው ፊደል ከመቊጠሩ በፊት ነው። እናንተ ሃያ ዓመት የሞላችሁ ሰዎች ዘግይታችኋል፤ እኔማ ከሁላችሁም ዘግይቻለሁ። ስለዚህ ከእናንተ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችሁ የምትመለሱ፥ የሕፃናቱን ክፍል ለማስተማር ራሳችሁን አቅርቡ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያን ጓደኛዬን ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ አገኘሁት። አግብቶ ወልዷል፤ ኑሮውም ደኅና ነው። ያ ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደ ነበርሁ ያውቅ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። «የልጅቱ አባት አላሳዘኑኝም፤ እርሳቸው እንደሚሉ ዐውቅ ነበር። የጠበቅሁት አንተን ነበር» አለኝ። ከበሮ ይመታ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ አልነካሁም አለኝ።

ነገ ከእናንተ አንዳችሁን የሚጠብቅ ጓደኛ ይኖራል። በየትኛው ሳሎን፥ በየትኛው ድግስ ላይ እንደ ሆነ አላውቅም። በዚያን ሰዓት ዝም አትበሉ።